ፊት የነሣኝ ውሻዬ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር ነው። ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ሳልነካ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«አትሳቁብኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ልጄ አዲስ አበባ ወልዳ ስለነበር ከጥምቀት ማግስት እስከ ዳግም ትንሣኤ እርሷ ጋ ቆየሁ። አንበሴ የሚባል የስድስት ዓመት ውሻ አለኝ፤ አዘዞ ለሚኖረው ወንድሜ በአደራ ሰጥቼው ነበር የሄድኩት። ስመለስ እንደ ድሮው ዘልሎ ይጠመጠምብኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። አሁን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። በር ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ስጠራው ጆሮውን ብቻ ያነሣል። ጆንያውን አጥቤ፣ ቤቱን አጽድቼ ጠበቅሁት፤ አልገባበትም። ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ብሰጠው ጥቂት ቀምሶ ተወው። የወንድሜ ልጅ ሲመጣ ግን ጅራቱን እየቆላ ይሮጣል። ጎረቤቴ ‹ቂም ይዞብሻል፤ ይቅርታ ጠይቂው› ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ጌታ ለውጧልና ለእኛ ተዪልን› ይላል። እውን ውሻ ያኮርፋል? ለወንድሜ ልመልሰው ወይስ ልታገሥ? በግንቦት መጨረሻ ልጄ ሥራ ስትገባ ደግሞ ለአንድ ወር ልመለስላት ቃል ገብቻለሁ።»

እናቴ፣ የሚስቅ የለም። በከተማችን ለውሻ የሚጨነቅ ሰው ሥራ እንደ ፈታ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ ሌሊት ጅብ አጥር ሲጠጋ ግን ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው የዚያው ሥራ ፈት ሰው ውሻ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ውሻ ከሚወደው ሰው ሲለይ ይጨነቃል፣ ይፈዛል፣ ከምግብ ይርቃል፤ ሰውየው ሲመለስም ወዲያው እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ነው። «ጥለሽኝ ሄደሻልና ዋጋሽን ታገኛለሽ» ብሎ ፊት መንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ያለፈን በደል መዝግቦ መያዝ፣ በዳዩን ለይቶ ቅጣት መምረጥ፣ ቅጣቱም ሰውየውን እንደሚያመው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሻ ይህን ሁሉ አገናኝቶ እንደሚያሰላ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ጎረቤትዎ አንበሴን በሰው ልክ ሰፍተውታል፤ ወንድምዎ ደግሞ በሆዱ ብቻ ለክተውታል። ሁለቱም ስተዋል ባይ ነኝ።

ከወንድምዎ ልጀምር፤ የእርሳቸው ለመመለስ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በቡዳፔስት የሚገኘው የኤትቨሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት ለመለካት የተዘጋጀውን ፈተና ወስደው በ51 ውሾችና በባለቤቶቻቸው ላይ ሞከሩት። ውሻው ከባለቤቱ ጋር ወደማያውቀው ክፍል ይገባል፤ ባለቤቱ ይወጣል፤ እንግዳ ሰው ይገባል፤ ከዚያ ባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤታቸው ባለበት ውሾቹ ይጫወታሉ፣ ክፍሉን ያስሳሉ። ከእንግዳ ጋር ሲቀሩ በሩ ሥር ይቆማሉ። ጥያቄው ማን አበላው የሚል አልነበረም፤ ማን ሲኖር ይረጋጋል የሚል ነበር። የውሻ ፍቅር በትሪ የሚመጣና በትሪ የሚሄድ ብቻ አለመሆኑን ወንድምዎ ከዚህ ይረዱ።

ነገር ግን የዚያው ቡድን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳዩት ሌላ ነገር አለ፤ የእርስዎን ጉዳይ በይበልጥ የሚመለከተው እርሱ ነው። ባለቤት አጥተው በመጠለያ በሚኖሩ ውሾች ላይ ሞከሩ። አንድ ሰው በሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል አብሯቸው ሲቆይ ውሾቹ ለዚያ ሰው የቁርኝት ምልክት ማሳየት ጀመሩ። በሦስት አጭር ቆይታ ይህ ከሆነ፣ አዘዞ ሦስት ወር ሙሉ አብሮት የሮጠ፣ የተኛ፣ ከእጁ የመገበው ልጅ ለአንበሴ ምን እንደሆነ ይገምቱ።

አሁን ደብዳቤዎን እንደገና ያንብቡት። በር ሥር ተኝቶ ይውላል ብለዋል። ልጁ ሲመጣ ይሮጣል ብለዋል። እርስዎ አንድ መለያየት ብቻ ቆጥረዋል፤ በጥር የሆነውን። አንበሴ ላይ ግን ሁለት ደርሶበታል። በጥር ከእርስዎ ተለየ፤ እንደምንም አዘዞን ለመደ፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ደግሞ ማንም ሳያማክረው ከለመደው ልጅ፣ ከለመደው ግቢና ከለመደው ሰዓት ተነሥቶ ማራኪ መጣ። እርስዎ «እኔን አኮረፈኝ» የሚሉት ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ በአብዛኛው የልጁ ናፍቆት ነው። በሩን የሚጠብቀውም እርስዎን ሊቀጣ ሳይሆን ልጁ ይመጣ እንደሆነ ሊያይ ነው። ይህን መስማት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ሆኖም ከቂም ይሻላል፤ ናፍቆት ይበርዳል።

ታዲያ እኔን ረስቶኛል ማለት ነው? ይሉኝ ይሆናል። አልረሳዎትም። ቻርልስ ዳርዊን እንግዳ የማያስጠጋ ኃይለኛ ውሻ ነበረው። በመርከብ ዓለምን ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1836 አገሩ ሲገባ የውሻውን ማስታወስ ሆን ብሎ ሊፈትን ፈለገ፤ ከተለያዩ አምስት ዓመት ከሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። ወደሚኖርበት በረት ሄዶ እንደ ቀድሞው ጮኾ ጠራው። ውሻው ምንም ደስታ አላሳየም። ዝም ብሎ ተነሥቶ ተከተለው፤ የተለያዩት ከግማሽ ሰዓት በፊት የሆነ ይመስል የታዘዘውን ሁሉ ፈጸመ። ዳርዊን ይህን የጻፈው ውሻው እንዳላኮረፈበት ለማስረዳት አይደለም፤ የማስታወስ ኃይሉን ለማሳየት ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ያ «ምንም ደስታ አላሳየም» የሚለው ነው። አለመዝለል አለማወቅ አይደለም።

ዝላዩን ራሱ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊድን በ12 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ውሾቹ ለግማሽ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓትና ለአራት ሰዓት ብቻቸውን ቤት ሲቀሩ ባለቤታቸውን እንዴት እንደሚቀበሉ ታየ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የነበረው አቀባበል ከግማሽ ሰዓቱ የደመቀ ነበር፤ በሁለትና በአራት ሰዓት መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ድምቀቱ ከጊዜው ጋር እያደገ የሚሄድ ሒሳብ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ውለው ሲመለሱ የሚዘልልዎት አንበሴ ሲጠብቅዎት የዋለው አንበሴ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ያገኙት መጠበቁን ትቶ ኑሮውን ሌላ ቦታ ያደላደለውን ነው።

በየሰፈራችን የምናየውን አንድ ነገር ያስቡ። እናት ልጇን ለአያቱ ትታ አረብ አገር ትሄዳለች። ስትመለስ ሻንጣውን ሳትከፍት ልትስመው ስትጎነበስ ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል። ማንም «ቂመኛ ልጅ» አይለውም። እንዲለምዳት ይተዉታል፤ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ከአንበሴም ከዚህ የበለጠ አይጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ልናገር፤ ኩርፊያው በከፊል ከእርስዎ ወገን ያለ ይመስለኛል። «ትቼው ሄድኩ» የሚል ነገር ልብዎ ውስጥ አለ፤ ያንን ነው ፊቱ ላይ የሚያነቡት። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ14 ውሾች ላይ ያደረገችው ሙከራ አለ። ባለቤቱ ውሻውን «ይህን ምግብ እንዳትነካ» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን አንዳንዴ ሐሰት ነው። «ጥፋተኛ ፊት» የምንለው፣ ጆሮ የሚጥል፣ ዓይን የሚሰብረው ፊት የታየው በበሉት ውሾች ላይ አልነበረም፤ ባለቤታቸው በተቆጣቸው ላይ ነበር። እንዲያውም ምንም ሳይነኩ ቁጣ በደረሰባቸው ላይ ጎልቶ ታየ። የውሻ ፊት የእኛን ፊት ተከትሎ ይለዋወጣል፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን ጣጣ እዚያ ላይ እናነባለን። እርስዎ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ ድምፅዎ ተለውጦ፣ ወደ እርሱ ሲጎነበሱ አንበሴ የሚያየው የተረበሸ ሰው ነው። ፊት ማዞር፣ ከንፈር መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ማዛጋት በውሾች ዘንድ «ረጋ እንበል» እንደማለት ነው። እጅዎን አሽትቶ ፊቱን ሲያዞር ይህን ብሎ ይሆናል። ያሸተተውም ለየት ያለ ነገር ነው፤ የአራስ ቤት ጠረን፣ የሕፃን ቅባት፣ የአዲስ አበባ ሳሙና፣ የአውቶቡስ ጭስ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊደረግ የሚገባው ነገር አለ። ደብዳቤዎ ስለ አንበሴ ልብ ብዙ ብሎ ስለ ሰውነቱ ዝም ብሏል። የሚፈዝና የማይበላ ውሻ መጀመሪያ ታማሚ ነው ተብሎ መታየት አለበት። ደግሞም ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ሰጠሁት ብለዋል። እናቴ፣ ይህን ዳግም አያድርጉት። ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን በደንብ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፤ ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለውን የሽንኩርት ብዛት ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጉዳቱ የሚታየው ወዲያው አይደለም፤ ከቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሁለት ወር ጾም የሽሮ ፍትፍት በኋላ በአንድ ጊዜ ፍስክ የወረደበት ሆድ ሲታወክ «አኮረፈ» የሚባል ውሻ በየዓመቱ ፋሲካን ተከትሎ አይጠፋም። ከንፈሩን ገልበው ድዱን ይዩ፤ ሮዝ፣ ቀላ ያለ መሆን አለበት። ከጆሮው ሥርና ከጣቶቹ መካከል መዥገር ይፈልጉ። ሙሉ ሁለት ቀን ምንም ካልበላ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ካልጠጣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምርበት ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም።

የከፋውንም ልናገር፣ ጎንደር ነንና። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ አረፋ እየደፈቀ በሚናከስ ውሻ አይጀምርም። ዝም የሚያሰኝ መልክም አለው፤ ውሻው ከሰው ይርቃል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ምግብ ይተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ መንጋጋው ይወድቃል። በሽታው ከንክሻው በኋላ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለወንድምዎ ይደውሉ፤ አዘዞ ሳለ ከሌላ ውሻ ወይም ከዱር እንስሳ ጋር ተናክሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የክትባት ወረቀቱንም ቀን ይመልከቱ። ከላይ የዘረዘርኩት ምልክት ከታየ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳይከቱ፤ ብዙ ሰው የሚጋለጠው እንዲህ ነው። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ ቦታውን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ። በጽሑፍዎ ሲታይ አንበሴ ልጁን ሲያይ የሚሮጥና ጅራት የሚቆላ ስለሆነ ይህ ነው ብዬ አልሰጋም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነው።

ጤናው ደህና ከሆነ የሚቀረው ቀላል ነው፤ ለእርስዎ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ልመናውን ማቆም ነው። አይጥሩት፣ አይከተሉት፣ አይጎንበሱበት፣ ጣፋጭ ነገር ይዘው በር ሥር አይቀመጡ። ጠዋት ቡና ሲፈላ በረንዳው ላይ ጎንዎን ሰጥተውት ይቀመጡና የራስዎን ሥራ ይሥሩ። ሲመጣ ይምጣ፤ ካሸተተዎት ደረቱንና አንገቱ ሥር ጥቂት አክከው ይተዉት፤ ጭንቅላቱን ከላይ አይጫኑት። ምግቡን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ያቅርቡ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ያንሱ። አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል የሚለው ተረት ለሰው የተባለ ቢሆንም እዚህ ላይ ለውሻም ይሠራል። ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዘውት አጭር መንገድ ይሂዱ፤ ውሻ ከሰው ጋር የሚታረቀው ተፋጥጦ ሳይሆን ጎን ለጎን ሲራመድ ነው።

ጆንያውን ማጠብዎ ደግሞ ከልብ የመጣ ነበር፤ ግን የእርስዎንም የራሱንም ጠረን አብረው አጥበው አፍስሰውታል። ውሻ በተኛ ጊዜ አንጎሉን የሚመረምሩ፣ ነቅቶም ሳለ በመሣሪያ ውስጥ ጸጥ ብሎ እንዲተኛ የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። ግሪጎሪ በርንስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለ12 ውሾች የተለያየ ጠረን አቅርቦ ነበር፤ ደስታን ከመጠበቅ ጋር የሚያያዘውን የአንጎል ክፍል ከሁሉ በላይ የቀሰቀሰው የሚያውቁት ሰው ጠረን ነበር፤ ሰውየው በአጠገባቸው ሳይኖር ማለት ነው። ስለዚህ የለበሱትን አሮጌ ነጠላ ሳያጥቡ ጆንያው ላይ ያንጥፉለት። ከአዘዞም የተኛበትን ጨርቅ ያስመጡለት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሁኑ።

ልጁን አያርቁት። ጎረቤትዎ «ልጁ ካልቀረ አይለምድሽም» ሳይሉዎት እንደማይቀሩ እጠረጥራለሁ፤ እንዳይሰሟቸው። ልጁ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይምጣ፤ ሲመጣ ሦስታችሁ አብራችሁ ውጡ፤ ገመዱን መጀመሪያ እርሱ ይያዝ፣ መመለሻው ላይ እርስዎ ይያዙ። ምግቡን እርሱ ያምጣ፣ እርስዎ ያስቀምጡ። ሲሄድ ሹልክ ብሎ ሳይሆን እንደ ወትሮው በር ከፍቶ ይሂድ። በዚህ አካሄድ አብዛኛው ውሻ በሳምንታት ውስጥ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ፈሪና ድንጉጥ የሆነው ይዘገያል።

ለግንቦቱ ጉዞ ዋናው ምክሬ ውሻውን ከቤት አለማንሣት ነው። ሰው ወደ ውሻው ይምጣ እንጂ ውሻው ወደ ሰው አይሂድ። የወንድምዎ ልጅ ትምህርቱን ከማራኪ መከታተል ከቻለ ያንን ወር እርስዎ ቤት ይደር፤ ካልቻለ ጠዋትና ማታ መጥቶ የሚመግበው አንድ የታወቀ ሰው ይኑር። ከአሁን ጀምሮ ለሰዓታት፣ ከዚያ ለአንድ ሌሊት እየወጡ ይመለሱ፤ መሄድዎ መምጣት እንዳለው ይልመድ። ሲሄዱ አንገቱን አቅፈው አያልቅሱ፤ ሲመለሱም ድግስ አይደግሱ። በስልክ ድምፅዎን ማሰማትም አልመክርም፤ ጠረን የሌለው ድምፅ እያነፈነፈ እንዲፈልግ ከማድረግ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

«ልመልሰው ወይ?» ላሉት፣ አይመልሱት። ከሁለት መለያየት በኋላ ሦስተኛ አይጨመርበትም። ነገር ግን ወንድምዎ «ተዪልን» ያሉት ለራሳቸው አይመስለኝም፤ አዘዞ ውስጥም አንድ ልጅ ከጓደኛው ተለይቷል። ሰፈር ውስጥ የወለደች ውሻ ካለች ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር የቆየ ቡችላ ይፈልጉለት፤ ሦስት ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ልጁ ራሱ ይዞት ሄዶ ያስከትብ።